ስልኩን ለሕፃኑ ማን ሰጠው?

በዚህ ዘመን መምህራንና ወላጆች በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ ስለ ሕፃናትና ስለ እጅ ስልክ የሚሰማው ሮሮ ብዙ ነው። «የዛሬ ልጅ ከነስልኩ ተወለደ» ይባላል። «አፉን ሳይፈታ ጣቱን ፈታ» ይባላል። ወላጁም ይህን ሲናገር ግማሹ ሐዘን፥ ግማሹ ኩራት ነው፤ የሁለት ዓመት ልጁ ማንም ሳያስተምረው የሚወደውን ፊልም ከስልኩ ውስጥ ፈልጎ ማውጣቱን ለጎረቤት ሲያወራ ፊቱ ይበራል። እኛ ግን አነጋገሩ ከመነሻው የተሳሳተ መሆኑን ለማመልከት እንወዳለን። ከነስልኩ የተወለደ ልጅ የለም። የአንድ ዓመት ሕፃን ወደ ሱቅ ሄዶ ስልክ አይገዛም፤ የኢንተርኔት ጥቅል አይሞላም፤ የተቆለፈውንም ስልክ መጀመሪያ የሚከፍትለት ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ «ልጆቻችንን ምን ነካቸው?» ከማለት በፊት፥ «ስልኩን በእጃቸው ያኖረው ማን ነው? በየትኛው ሰዓት? በምንስ ችግር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። በአንድ መንደር ተቅማጥ በበዛ ጊዜ የጤና ሠራተኛ በሽተኛውን ሳይወቅስ ወደ ውኃው ምንጭ እንደሚሄድ ሁሉ፥ እኛም በዚህ ነገር ወደ ምንጩ እንሂድ።

ምንጩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በገበታ አጠገብ ነው። በአገራችን የእናት ትልቁ ጭንቀት የልጇ አለመብላት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ረኀብ ብዙ ሕፃናትን በቀሠፈበት አገር ይህን ጭንቀት ከንቱ ነው የሚል ሰው አይገኝም። ሕፃኑ አልበላም ባለ ጊዜ እናቲቱ ስልኩን ከፍታ፥ ከጠርሙስ ጋራ አስደግፋ በፊቱ ታቆምለታለች። ሕፃኑ በሥዕሉ ፈዝዞ ሳለ ሳይታወቀው አፉን ይከፍታል፤ ገንፎውም ያልቃል። በማግሥቱ ያለ ስልክ ማብላት አይቻልም። ነገር ግን አፉን ያልፈታ ልጅ «ጠገብሁ» ብሎ የሚናገረው ፊቱን በማዞር፥ ከንፈሩን በመግጠምና ማንኪያውን በመግፋት ነው። በፊልም የፈዘዘ ልጅ ይህን ቋንቋ አይናገርም፤ የገዛ ሆዱንም ማዳመጥ አይማርም። ቀድሞ ሕፃንን አፍንጫውን ይዞ መጋት ጎጂ ልማድ መሆኑ ለእናቶች ሲነገር ኖሯል። ዛሬ ደግሞ አፍንጫ ሳይያዝ ዓይን ተይዞ የሚፈጸም አዲስ መጋት መጥቷል እንላለን።

ሌላው ሰዓት እንግዳ የመጣ ጊዜ ነው። በእኛ አስተዳደግ በትልልቅ ሰዎች ጨዋታ መካከል የማይገባ ልጅ ጨዋ ይባላል። ቡናው ተፈልቶ ወሬው በተጀመረ ጊዜ ሕፃኑ የእናቱን ቀሚስ መጎተት ይጀምራል፤ በቁጣ ዝም እንዳይሰኝ በእንግዳ ፊት ነውር ነው፤ ስልኩ ይሰጠዋል፤ እርሱም ጸጥ ይላል። እንግዳውም «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ብሎ አመስግኖ ይሄዳል። እንዲሁ በታክሲ ሠልፍ፥ እንዲሁ በሐኪም ቤት ወረፋ። ጸጥታ በተፈለገበት ስፍራ ሁሉ ስልኩ የጸጥታ ዋጋ ሆኖ ይከፈላል፤ ሕፃኑም ብልህ ስለ ሆነ ይህን ገበያ ቶሎ ያውቀዋል። ማልቀስ ስልክ እንደሚያስገኝ ሦስት ጊዜ ያየ ልጅ በአራተኛው ጊዜ የሚያለቅሰው ለስልኩ ነው።

ቀድሞስ ቢሆን ልጅ ባስቸገረ ጊዜ ምን ይደረግ ነበር ብንል፥ «ሂድ ውጪ ተጫወት» ይባል ነበር። ይህ ሦስት ቃል ትልቅ ሀብት የያዘ ነበር፤ «ውጪ» የሚባል ስፍራ ነበረና። በዚያ ሰኞ ማክሰኞ የሚሣልበት መሬት፥ ብይ የሚንከባለልበት ጉድጓድ፥ ለድብብቆሽ የሚሆን አጥር፥ ለእቃ እቃ የሚሆን የተሰበረ ገልና ቅጠል ነበረ። ከሁሉም በላይ በደጃፏ ተቀምጣ እህል እየለቀመች፥ የራሷም ባይሆኑ ልጆቹን ሁሉ የምትቆጣ ጎረቤት ነበረች። ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎቹ ትልልቅ ከተሞች ስንቱ ቤተሰብ ነው ይህ ስፍራ ያለው? አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ሕፃናት ይዛ የምትኖርን እናት እናስብ። በደረጃው ላይ ብቻውን ልትለቀው አትችልም፤ ግቢው የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ከግቢው ማዶ ያለው መንገድ ነው። ውኃ የተቋረጠ ቀን ጄሪካን ተሸክማ ትወጣለች። ይህችን እናት «ልጅሽን ለምን ስልክ አስለመድሽው?» ብሎ የሚወቅስ ሰው፥ በመጀመሪያ ደረጃውን ወጥቶ ልጁን አንድ ሰዓት ይያዝላት። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በተባለው ቀን አውራ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ በተከፈቱ ጊዜ ልጆች በኳስና በብስክሌት አስፋልቱን እንዴት እንደ ሞሉት ያየ ሁሉ፥ የዛሬ ልጅ መሮጥ ጠልቷል ብሎ ሊናገር አይችልም። መሮጫ አጥቷል እንጂ።

በገጠር ነገሩ ሌላ ነበር። እናቱ በአንቀልባ ያዘለችው ሕፃን ከትከሻዋ በላይ ሆኖ እሳቱን፥ ምጣዱን፥ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ሁሉ ያያል፤ የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል። (ጭሱ ሳምባውን እንደሚጎዳው ሳንረሳ ነው ይህን የምንለው።) አምስት ዓመት ሲሆነው ጥጃ ይጠብቃል። የከተማው ልጅ ግን በቤቱ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም፤ እንዲያውም ሥራ እንዳያስፈታ ይፈለጋል። ሽንኩርት ሲላጥ ቢላዋ አለ፥ ልብስ ሲታጠብ ውኃ ይረጫል፥ ምድጃው ያቃጥላል እየተባለ ከቤቱ ኑሮ ሁሉ ከራቀ በኋላ፥ እጁ ባዶ መሆኑ የታያቸው ሰዎች ስልኩን ይሰጡታል።

አባትና እናት ሁለቱም ወደ ሥራ የሚሄዱ ከሆነ ልጁ የሚውለው ከቤት ሠራተኛዋ ጋራ ነው። እርስዋ ብዙውን ጊዜ ከገጠር የመጣች፥ ራሷም ገና ልጅ የምትባል ናት። ቤት አጽጂ፥ ወጥ ሥሪ፥ ልብስ እጠቢ፥ ልጁንም ጠብቂ ትባላለች። ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ባይሠራ ማታ በዓይን የማይታየው የመጨረሻው ብቻ ነው። ያልታጠበ ልብስ ይታያል፤ ልጁ ቀኑን ሙሉ ያልተነጋገረ መሆኑ ግን ማታ አይታይም። እንግዲህ ለልጁ ስልክ ብትከፍትለት ጥፋቱን በእርስዋ ላይ ብቻ ማኖር ፍርድ ማጉደል ይመስለናል።

ለትምህርት በባሕር ማዶ በቆየንባቸው ዓመታት ይህንኑ ነገር በሀብታሞቹም አገር አይተናል። በባቡር ውስጥ፥ በምግብ ቤት፥ በጋሪ የተቀመጠ ሕፃን ሁሉ በእጁ የሚያበራ ነገር ነበረው። የዚያች አገር እናት ገንዘብ አላጣችም፤ መናፈሻም ሞልቷል። ያጣችው ሕፃኑን ለሩብ ሰዓት የሚይዝላት አያት፥ አክስት ወይም ጎረቤት ነው። እኛ ይህ ሀብት ገና አልተነጠቅንም። ነገር ግን አያቲቱን ራስዋን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠን ሕፃኑን ለስልክ እየሰጠነው ነውና፥ ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሳይገናኙ ይውላሉ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ለይተን እንናገር። ብዙ የአገራችን ሕፃናት ከስልክ ጋራ መጀመሪያ የሚተዋወቁት በመልካም ምክንያት ነው፤ ይኸውም አባት በዱባይ፥ እናት በቤሩት፥ አያት በዋሽንግተን ሆነው ፊታቸውን ሊያዩት ስለሚደውሉ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በኤውሮጳ አቆጣጠር በ2016 ባወጣው ምክር ከ18 ወር በታች ላለ ሕፃን የስልክና የመሰል መሣሪያዎች ሥዕል እንዳይታይ ሲመክር፥ ከዘመድ ጋራ በሥዕል መነጋገርን ግን ለይቶ ፈቅዷል። ምክንያቱን ለማስተዋል አያስቸግርም። በስልክ ውስጥ ያለችው አያት ሕፃኑ ሲስቅ ትስቃለች፤ ስሙን ትጠራለች፤ ዝም ሲልም «ምነው?» ትላለች። ፊልሙ ግን ሕፃኑ ቢስቅም ቢያለቅስም ያንኑ ይዘፍናል።

መልስ የመስጠትን ኃይል የሚያስረዳ አንድ ምርመራ አለ። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2003 ባሳተሙት ጥናት፥ የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን የቻይና ቋንቋ ድምፆች አሰምተው ነበር። አንዱ ክፍል 12 ጊዜ ያህል ከቻይና ተናጋሪዎች ጋራ ተቀምጦ ተጫወተ፤ ሌላው ክፍል እነዚያኑ ሰዎች ያንኑ ሲናገሩ በቴሌቪዥን አየ። ከሰው ጋራ የተጫወቱት ሕፃናት የባዕዱን ቋንቋ ድምፆች መለየት ቻሉ፤ በቴሌቪዥን ያዩት ግን ምንም አልተማሩም። ድምፁ አንድ፥ ቃሉ አንድ ነበር፤ የጎደለው ሰው ነው። «ልጄ ከዩቱብ እንግሊዝኛ ለመደ» የሚሉ ወላጆች ይህን ቢያስቡበት እንወዳለን። ልጁ የቀለማትንና የእንስሳትን ስም በእንግሊዝኛ ይቈጥር ይሆናል፤ ነገር ግን «ማን መጣ? ወዴት ሄደ? ለምን አለቀስህ?» ሲባል በየትኛውም ቋንቋ መመለስ ካልቻለ ቋንቋ ለመደ አይባልም። እንቆቅልሽን ያስተውሏል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ማለት አለ፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ ከዚያም ተራው ይመጣል። ትንሹ ልጅ መልሱን ባያውቅም ተራ መጠበቅን፥ የሰው ፊት ማንበብንና መሸነፍን ይማራል። ጎንደርን ሰጥቶ ሐረርን የተቀበለ ልጅ ብዙ አትርፏል።

ሕፃን ስልክን የሚፈልግበት ሌላው ምክንያት ደግሞ እኛን ስለሚያይ ነው። አባቱ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ የሚያየው ዕቃ፥ እናቱ ስታጠባው እንኳ ከእጇ የማይለየው ዕቃ፥ ሲጠፋ ቤቱ ሁሉ የሚተረማመስበት ዕቃ በሕፃኑ ዓይን ከቤቱ ንብረት ሁሉ የከበረ ሆኖ ቢታየው ምን ያስደንቃል? የፕላስቲክ ስልክ ቢገዙለት ይጥለዋል፤ የሚፈልገው እናንተ የምታዩትን ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ እናቶች ከሕፃኖቻቸው ጋራ ሲጫወቱ ቆይተው ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ያለ ምንም ስሜት ዝም እንዲያሰኙ አደረጉ። ሕፃናቱ በመጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ከዚያም እናታቸውን ለመመለስ የሚያውቁትን ዘዴ ሁሉ ሞከሩ፤ በመጨረሻ ፊታቸውን አዞሩ። በስልኩ ላይ ያቀረቀረ ፊት ከዚያ ዝም ካለው ፊት ብዙም አይለይም። ልጆች ወደ ስልኩ የሚሸሹት አንዳንድ ጊዜ እኛ ቀድመን ሸሽተን ስለ ሄድን ነው።

«በእኛ ጊዜም ቴሌቪዥን ነበር፤ ምን ሆንን?» የሚሉ አሉ። እርግጥ በአገራችን ቴሌቪዥን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬም ለብዙ ዓመታት ልጆችን በተረት አሳድገዋል። ነገር ግን የእርሳቸው ተረት ቀን ነበረው፤ ሰዓት ነበረው፤ ከሁሉም ይልቅ ማለቂያ ነበረው። ተረቱ አልቆ ልጆቹ ተነሥተው ይሄዱ ነበር። በስልኩ ውስጥ ያለው ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይጀምራል፤ ልጁ ያየውን መርምሮ የሚመስለውን ያቀርብለታል። ይህን ያሰናዱት ሰዎች ልጁን ሊያስተምሩት ሳይሆን እንዳይነሣ ሊያደርጉት ደመወዝ የሚከፈላቸው መሐንዲሶች ናቸው። የሦስት ዓመት ልጅ በገዛ ፈቃዱ ስልኩን እንዲያኖር መጠበቅ ከአዋቂውም የማይጠበቅ ነው። ቴሌቪዥኑም በግድግዳው ላይ ስለሚቀር ልጁ ቢሄድ አይከተለውም ነበር፤ ስልኩ ግን እስከ አልጋው ይከተላል።

የአልጋውን ነገር ካነሣን፥ ለጤና ሠራተኛ ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከነጭራሹ ሥዕል ባያይ፥ የአንድ ዓመቱም እንዲሁ፥ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባያልፉ፥ ቢያንስም እንደሚሻል ተናግሯል። በዚያው መመሪያ የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፥ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው፥ በቀንም ሦስት ሰዓት ያህል መንቀሳቀስ እንዳለበት ተጽፏል። ሰዎች ስለ ሥዕሉ ልክ አብዝተው ይነጋገራሉ፤ እኛ ግን የሚበልጠው ይህ ሁለተኛው ይመስለናል። ልጁ ከተኛና ከሮጠ ለስልክ የሚተርፈው ሰዓት ራሱ ያንሳል። ማታ በአልጋ ውስጥ የሚያበራ ብርሃን ግን ሰውነት ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ቅመም ያዘገያል፤ ልጁም ጧት ሳይነቃ ወደ ትምህርት ቤት ይጎተታል።

ስለ ዓይንም ብዙ ይወራል። ስልኩ በጨረር ዓይን ያቃጥላል የሚባለው መሠረት የለውም። እውነተኛው ነገር ልጅ በቅርብ ነገር ላይ ብቻ ተተክሎ፥ የቀን ብርሃን ሳያገኝ በቤት ሲያድግ የሩቁን ማየት መሳን የሚበዛበት መሆኑ ነው። በቻይና በጓንግዡ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች በተደረገና በ2015 በታተመ ጥናት፥ የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨምሮላቸው በደጅ እንዲውሉ ተደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ይህ ካልተደረገላቸው ልጆች ከመቶ 39.5 የሩቁን ማየት ሲሳናቸው፥ በደጅ ከዋሉት ግን ከመቶ 30.4 ብቻ ሆኑ። መድኃኒቱ ፀሐይ ነው፤ ፀሐይም በአገራችን አልጠፋም።

አሁን ደግሞ ለመምህራን የምንናገረው አለ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርት በራዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ተሰጠ። በዚያ ጊዜ የተደረገው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ በብዙ የከተማ ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራው በቴሌግራም እንደ ቀረ ቀረ። የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ የሚጽፈውን አንድ ገጽ ለማየት ስልክ መክፈት አለበት፤ ስልኩ ከተከፈተ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል። በቀን ለወላጆች ስለ ስልክ ጉዳት እየሰበኩ ማታ የቤት ሥራን በስልክ መላክ አይስማማም። የቤት ሥራው በደብተር ቢጻፍ ወይም ከነጭራሹ ለትንንሾቹ ባይሰጥ ምን ይጎድላል? ግቢያችሁንም ተመልከቱ። ከትምህርት በኋላ ቁልፍ የሚቈለፍበት ሰፊ ሜዳ በሰፈሩ ውስጥ የቀረው ብቸኛ «ውጪ» ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ለአንድ ሰዓት አንድ ጠባቂ አቁሞ ለሰፈሩ ሕፃናት መክፈት የትኛውም ስብከት የማይሠራውን ሥራ ይሠራል ብለን እናምናለን።

ለወላጆችም «ስልኩን ንጠቁ» አንልም። መንጠቅ ብቻውን ልቅሶ ነው። ስልኩ የሚሰጥበትን ሰዓት እወቁና ለዚያ ሰዓት ሌላ ነገር አዘጋጁ። በምሳ ሰዓት ከሆነ ልጁ ከእናንተ ጋራ በአንድ መሶብ ይቀመጥ፤ ቢያፈስስም በገዛ እጁ ይጉረስ፤ ሁለት ጉርሻ በልቶ ቢነሣ አይከተል፤ ጤናማ ልጅ በራበው ጊዜ ይበላልና። ወጥ በሚሠራበት ሰዓት ከሆነ ባዶ ድስትና ማንኪያ፥ የሚለቀም ምስር፥ የሚፈለፈል አተር ስጡት፤ አተሩን ባፍንጫው እንዳያገባ ግን ከአጠገቡ አትራቁ። ማታ የቤተሰቡ ስልኮች ሁሉ የሚያድሩበት አንድ ስፍራ ይኑር፤ የአባትም ስልክ ጭምር። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል። ልጁ ያለቅሳል፤ በሁለተኛው ሳምንት ሰልችቶት ይቅበዘበዛል፤ ከዚያም ከመሰልቸቱ ውስጥ ጨዋታ ያወጣል።

በመጨረሻ በከተሞች ስለሚወራ አንድ ወሬ እንናገራለን፤ «ስልክ ልጅን ኦቲዝም ያደርጋል» ይባላል። ስልክ ኦቲዝምን እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ኦቲዝም መነሻው አንጎል በሚያድግበት በመጀመሪያው ጊዜ ነው። ይህ ወሬ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የወለደችን እናት «በስልክ ልጇን ያበላሸች» እያሰኘ ልጇን ከሰው እንድትደብቅ ያደርጋታልና ጉዳቱ ብዙ ነው። ሌሎች ወላጆች ደግሞ «ስልኩን ስንተው ይናገራል» እያሉ ዓመት ይጠብቃሉ። ልጅ 16 ወር ሆኖት አንድ ቃል እንኳ ካልተናገረ፥ ሁለት ዓመት ሞልቶት «ውኃ ስጪኝ»ን የመሰለ ሁለት ቃል ካላጋጠመ፥ ወይም ይናገር የነበረውን ቃል ከተወ፥ ሳትጠብቁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ስትሄዱም ልጁ ከማን ጋራ እንደሚውል፥ በቀን ስንት ሰዓት ስልክ እንደሚያይ፥ ከኋላው ሆኖ ስሙ ሲጠራ ዘወር ይል እንደ ሆነ፥ ከጆሮው ፈሳሽ ወጥቶት ያውቅ እንደ ሆነ ሳትደብቁ ንገሩ። የጆሮ ምርመራ ሳይደረግለት ነገሩን ሁሉ በስልኩ ላይ መጣል አይገባም፤ መስማት የተሳነው ልጅ ስልኩን አጥብቆ የሚወደው ሥዕሉ ያለ ድምፅም ስለሚገባው ሊሆን ይችላልና።